የአትክልት ኩስኩስ ሁሉ የጾም ምግብ አይደለም

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በአውሮፓ ከተሞች ስለሚገኙ የሞሮኮ ምግብ ቤቶች በቅርቡ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው የሞሮኮን ማዕድ ከእኛ ጋር የሚያቀራርበውን ነገር፣ እጅ ታጥቦ ከአንድ ገበታ መብላቱን፣ ለእንግዳ የሚሰጠውን ክብርና የቅመሙን ብዛት፣ በፍቅር ስለገለጹልን አመሰግናቸዋለሁ። ይሁን እንጂ በጽሑፉ ማብቂያ ላይ፣ ጾም የያዘ ኢትዮጵያዊ እንዲህ ባለ ምግብ ቤት የአትክልት ኩስኩስ (ከስንዴ ተድቦልቡሎ በእንፋሎት የሚበስል ቅንጬ መሰል ምግብ ከአትክልት ጋር) አዝዞ ያለ ሥጋት መመገብ እንደሚችል ተመክሯል። ይህ ምክር መታረም ያለበት ይመስለኛል። የምጽፈው ጸሐፊውን ለመንቀፍ ብዬ አይደለም፤ እኔም ራሴ ለብዙ ዓመታት እንዲሁ አምኜ ስለኖርኩና በዚያ ግምቴ ምክንያት ሌላ ሰው ስላሳሳትኩ ነው።

በብራስልስ ስኖር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። በዚህች ከተማ ከቤቱ ወጥቶ ትኩስ ነገር መብላት ለሚፈልግ ሰው የሞሮኮ ምግብ ሩቅ አይደለም። ቤልጅየም ለማዕድን ማውጫዎቿና ለፋብሪካዎቿ ሠራተኛ ስትፈልግ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1964 ከሞሮኮ መንግሥት ጋር ስምምነት ተፈራረመች፤ በዚያ ስምምነት የመጡት ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ዛሬ የከተማዋ ነዋሪዎች ናቸው። እሑድ ጠዋት በሚዲ ባቡር ጣቢያ አጠገብ በሚቆመው ገበያ የናናው እስር፣ የወይራው ፍሬ፣ በምጣድ ላይ የሚጋገረው እጥፍ ቂጣ መስመን ሽታው ከሩቅ ይጠራል። እኛ ሐበሾችም ከዚያው ገበያ ድንብላልና ሽምብራ እንሸምታለን፤ የምግብ ቤቶቻቸው ደንበኞችም ነን።

የጉዳዩ ክብደት ያለው በቀኑ ላይ ነው። በሞሮኮ ኩስኩስ የዓርብ ምግብ ነው። ሰው ከዓርብ ስግደት ሲመለስ ቤተሰቡ በአንድ ሰፊ ገበታ ዙሪያ ተሰብስቦ ይበላዋል፤ በውጭ አገር ያሉ በርካታ ምግብ ቤቶችም ይህንኑ ልማድ ተከትለው ደኅናውን ኩስኩስ የሚሠሩት ዓርብ ዕለት ነው። ለኦርቶዶክሳዊው ኢትዮጵያዊ ደግሞ ከበዓለ ሃምሳ፣ ከልደትና ከጥምቀት በቀር ዓርብ ሁሉ ጾም ነው። ስለዚህ ኩስኩስ በእውነት በሚጣፍጥበት ቀን ወደ ምግብ ቤቱ የሚገባው የእኛ ሰው ብዙውን ጊዜ ጾመኛ ነው፤ በምናሌው ላይ «የአትክልት ኩስኩስ» የሚለውን ሲያነብም ልቡ ያርፋል።

የእኔም ልብ አርፎ ነበር። ከአራት ዓመት በፊት የጓደኛዬ እናት ለሕክምና ከአዲስ አበባ ወደ ብራስልስ መጡ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ጾም የማያጎድሉ፣ ሐኪሙ «ይብሉ» ቢላቸው እንኳ ከንስሐ አባታቸው ሳይማከሩ ቃል የማይሰጡ እናት ናቸው። በዐቢይ ጾም ውስጥ በዋለ አንድ ዓርብ ከሆስፒታል ስንወጣ እጃቸው በብርድ ደንዝዞ ነበርና ትኩስ ነገር ላብላቸው ብዬ መሐል ከተማ ወደሚገኝ አንድ የሞሮኮ ምግብ ቤት ይዣቸው ገባሁ። እማማ ስለ ምግቡ ሲጠይቁኝ «ከቅንጬ የሚቀርብ ነገር ነው፤ ከላዩ ዱባ፣ ካሮት፣ ጥቅል ጎመንና ሽምብራ ይደረግበታል፤ ፍጹም የጾም ነው» አልኳቸው። ይህን ስናገር አንዳች ጥርጣሬ አልነበረብኝም።

ምግቡ እንፋሎቱ እየተነነ ቀረበ፤ እማማም አማትበው በደስታ መብላት ጀመሩ። ወደ ግማሽ ሲደርሱ ከጥቅል ጎመኑ ሥር አንዲት የአጥንት ስባሪ ወጣች፤ ጅማቷ ገና አልለቀቃትም። እማማ ማንኪያቸውን ቀስ ብለው ከሳህኑ ዳር አስቀመጡ። አስተናጋጁን ጠርቼ ስነግረው ወጣቱ ከልቡ ደነገጠ፤ ይቅርታም ጠየቀ፤ «ሥጋው ወጥቶላችሁ ነበር፣ ይህቺ አምልጣ ነው» ካለ በኋላ ሌላ ሳህን ላምጣላችሁ አለ። የሚመጣው ሳህን ከየት ነው ብዬ ስጠይቀው ከዚያው ድስት እንደሆነ ነገረኝ። እማማ የቀሩትን ሰዓታት በዳቦና በሻይ ዋሉ። እኔን ግን አልወቀሱኝም፤ «አውቀን አላደረግነውም፣ ልጄ» ብለው እጄን ያዙኝ። በኋላ ለንስሐ አባታቸው መናገራቸውን ከልጃቸው ሰማሁ። ያቺ ቀን እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣችም፤ የጋዜጣችሁን ምክር ሳነብ ዝም ማለት ያልቻልኩትም ስለዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩን ከሥሩ ለማወቅ ፈልጌ በሠፈሬ አነስተኛ ምግብ ቤት ያላቸውን፣ ደንበኞቻቸው ሁሉ «ሐጃ» የሚሏቸውን ሞሮኳዊት እናት ወጥ ቤታቸው ገብቼ እንዳይ ለመንኳቸው። ፈቀዱልኝ። ያየሁትን በዝርዝር ልጻፈው፤ ምክንያቱም አሠራሩን ያወቀ አንባቢ ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት ራሱ ያውቃል።

የኩስኩስ ማብሰያ አንዱ በሌላው ላይ የሚቀመጥ ባለ ሁለት ክፍል ዕቃ ነው። ታችኛው ድስት ነው፤ ላይኛው ከስካስ ይባላል፤ ታቹ እንደ ወንፊት የተበሳሳ ነው። በታችኛው ድስት የበግ ወይም የበሬ ሥጋ ከነአጥንቱ ከሽንኩርት፣ ከዘይት፣ ከዝንጅብል፣ ከእርድ፣ ከቁንዶ በርበሬና በክር ከታሰረ የድንብላል ቅጠል ጋር ይጣዳል፤ ሲያድር የተነከረው ሽምብራ ይጨመራል፤ አትክልቱም እንደ ጥንካሬው በየተራ ይገባል፤ ካሮት ቀድሞ፣ ዱባና ዝኩኒ መጨረሻ። ከሰሞሊና፣ ማለትም ሸካራ ከተፈጨ ስንዴ፣ የተድቦለቦለው ኩስኩስ ደግሞ በከስካሱ ውስጥ ሆኖ ከሥሩ በሚወጣው የመረቅ እንፋሎት ይበስላል። እንፋሎቱ በጎን እንዳያመልጥ ሁለቱ ዕቃዎች የሚገናኙበት ወገብ በጨርቅ ይታሰራል። ኩስኩሱ አንድ ጊዜ በእንፋሎት ከበሰለ በኋላ ግስዓ በሚባል ሰፊ ገበታ ላይ ይገለበጣል፤ ውኃና ጨው ይረጭበታል፤ እንዳይጓጉል በመዳፍ እየታሸ ይበተናል፤ ከዚያም ተመልሶ ይጣዳል። ይህ ሦስት ጊዜ ይደረጋል። ከሦስተኛው በኋላ ስመን ይታሽበታል። ስመን በጨው ተጠብቆ ለወራት አንዳንዴም ለዓመታት የሚቀመጥ ቅቤ ነው፤ ኮሰረትና ኮረሪማ ባይገባበትም ጠረኑ የእናቴን የቅቤ ቅል አስታውሶኛል። በመጨረሻ ኩስኩሱ እንደ ኮረብታ ተከምሮ መሐሉ ይጎደጉዳል፤ ሥጋው እዚያ ይቀመጣል፤ አትክልቱ በላዩ ይደረደራል፤ መረቁም በጭልፋ ይፈስስበታል።

እንግዲህ አንባቢ ልብ ይበል። ሥጋውን ከሳህኑ ላይ ቢያነሱት እንኳ ፍስኩ በእንፋሎቱ፣ በስመኑና በመረቁ ሦስት ጊዜ ገብቷል። አትክልቱም ሥጋው በተቀቀለበት ድስት ውስጥ የበሰለ ነው። ብዙ ምግብ ቤቶች ለዕለቱ አንድ ትልቅ ድስት ብቻ ነው የሚጥዱት፤ በምናሌው ላይ የበግ፣ የዶሮ፣ የቋሊማና የአትክልት ተብሎ የሚለየው በሳህኑ ጫፍ የሚቀመጠው ነገር ነው። በአጭሩ «የአትክልት» ማለት ሥጋ ያልተቀመጠበት ማለት ነው፤ ሥጋ ያልነካው ማለት አይደለም። ለብቻው የአትክልት መረቅ የሚያዘጋጁ ምግብ ቤቶች የሉም አልልም፤ አሉ፤ ነገር ግን ሳይጠይቁ ለይቶ ማወቅ አይቻልም።

አንድ ያልጠበቅኩት ነገርም ተማርኩ። ከፋብሪካ በካርቶን የሚመጣውን፣ አስቀድሞ በእንፋሎት የበሰለውን ኩስኩስ በፈላ ውኃ ብቻ አርሰው የሚያቀርቡ ቤቶች አሉ። ሐጃ ይህን አሠራር አይወዱትም፤ እኔም ጣዕሙን አልወደውም። ለጾመኛ ግን እህሉ ራሱ ከመረቅ የራቀ በመሆኑ ሥጋቱ ያነሰ ነው። ወጥ ቤቱ ለባሕሉ በታመነ ቁጥር ጾመኛው ይበልጥ መጠንቀቅ አለበት ማለት ነው። ሞሮኮ፣ አልጄሪያ፣ ቱኒዚያና ሞሪታኒያ የኩስኩስን አሠራርና አበላል በጋራ አቅርበው በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያስገቡት እ.ኤ.አ. በ2020 ነው፤ የእኛ ጥምቀት በተመዘገበ በዓመቱ። የተመዘገበውም እህሉ ብቻ ሳይሆን ከማድቦልቦሉ እስከ አብሮ መብላቱ ያለው ዕውቀት ነው። ያን ዕውቀት የሚያከብር አብሳይ ጾመኛን ለማስደሰት ብሎ መረቁን እንዲተው ልንጠብቅ አይገባም፤ በውስጡ ያለውን እንዲነግረን ግን መጠየቅ እንችላለን።

በመጠየቁ ላይ የቋንቋ ችግር አለ። መጀመሪያ ሐጃ ቤት በሄድኩ ጊዜ ከአንድ ሞሮኳዊት የሥራ ባልደረባዬ የተማርኩትን ቃል ይዤ «ሳይማ ነኝ» አልኳቸው፤ ጾም ላይ ነኝ ማለቴ ነው። ሐጃ ግራ ገብቷቸው «ታዲያ በእኩለ ቀን ማዕድ ላይ ለምን ተቀመጥሽ?» ሲሉ ጠየቁኝ። በእነርሱ ዘንድ መጾም ከንጋት እስከ ፀሐይ ግባት እህልና ውኃ አለመቅመስ ነው። ሰዓቱ ሲደርስ የሚበላ፣ ነገር ግን ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከቅቤና ከእንቁላል የሚከለከል ጾም መኖሩን ሳስረዳቸው በጣም ተገረሙ፤ በዓመት ስንት ቀን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ስነግራቸውም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «ቬጀቴሪያን ነኝ» ማለትም አያድንም፤ ይህን የሚል ሰው ቅቤና እንቁላል እንደሚበላ ስለሚታወቅ ስመኑ ይቀጥላል። በዚህ በብራስልስ አሁን ሁሉም አስተናጋጅ የሚያውቀውና ለእኛ ጾም የሚቀርበው ቃል «ቪጋን» የሚለው ነው። ይህም ቢሆን መረቁን ለይቶ ከመጠየቅ አያሳርፍም።

የሞሮኮ ሰዎች ቋንቋ ግን እንደሚመስለን ሩቅ አይደለም። መረቅን «መርቃ» ይሉታል። ወተት «ሕሊብ» ነው፤ የግእዙን ሐሊብ የሚያውቅ ወዲያው ይለየዋል። ዳቦን «ኽብዝ» ሲሉም ኅብስት ትዝ ይለናል። ሥጋ «ልሐም» ነው፤ ቅቤ «ዘብዳ»። «ያለ» ለማለት ደግሞ «ብላ» ይላሉ፤ በእኛ ጆሮ ተቃራኒውን የሚያሰማ ቃል ነውና ልብ ማለት ያስፈልጋል። እንግዲህ «ብላ ልሐም፣ ብላ ስመን፣ ብላ ዘብዳ» ያለ ሰው ያለ ሥጋ፣ ያለ ስመን፣ ያለ ቅቤ ማለቱ ነው፤ ቀጥሎም «መርቃው ሥጋ ነክቶታል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ እውነተኛ መልስ ያገኛል። እስካሁን በዚህ ጥያቄ የተቆጣኝ የሞሮኮ ምግብ ቤት ባለቤት አልገጠመኝም። እነርሱም በሌላው ሕዝብ ምግብ ቤት ሲገቡ «የአሳማ ስብ አለበት? ወይን ተጨምሮበታል?» እያሉ የሚጠይቁ ሰዎች ናቸው፤ ስለ ሃይማኖት ብሎ መጠየቅ ምን እንደሆነ ማንም እንዲያስረዳቸው አያስፈልጋቸውም።

አንባቢ ይህን ሁሉ ሰምቶ «እንግዲያው በጾም ወደዚያ አንሂድ» እንዳይል እፈራለሁ፤ የእኔ ሐሳብ ተቃራኒው ነው። የሞሮኮ ወጥ ቤት ለጾመኛ እጅግ የተመቸ ነው፤ ችግሩ የጾሙ ምግብ በምናሌው ፊት ለፊት አለመሆኑ ነው። ከዋናው ምግብ በፊት በትንንሽ ሳህን የሚደረደሩት የበሰሉ ሰላጣዎች በወይራ ዘይት የተሠሩ ናቸው። ዛሉክ የሚባለው ደበርጃንና ቲማቲም ከነጭ ሽንኩርትና ከከሙን ጋር እስኪላቁጥ ድረስ የበሰለበት ነው፤ ታክቱካ ቃሪያውን በእሳት ጠብሶና ልጦ ከቲማቲም ጋር የሚያዋህድ ነው፤ በከሙንና በሎሚ የተለወሰ ካሮት አለ፤ ነጭ ባቄላ በቲማቲም የሚሠራበት ሉብያ አለ፤ ምስርም አለ። እነዚህን ሦስት አራቱን አዝዞ በትኩስ ኽብዝ እየጠቀለሉ መብላት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በያይነቱን በዳቦ መብላት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በሸክላ ድስት ቀስ ብሎ የሚበስለውን ወጥ፣ ታጂንንም ቢሆን ሞሮኳውያን የሚበሉት በዳቦ ነው። በጋዜጣችሁ ጽሑፍ ላይ ታጂን በኩስኩስ ላይ ተደፍቶ እንደሚበላ መገለጹም በዚህ አጋጣሚ ቢታረም መልካም ነው፤ ሁለቱ የተለያዩ ማዕዶች ናቸው።

ከሁሉ የምወደው ግን ቢሳራን ነው። ቢሳራ የደረቀ ባቄላ ክክ ከነጭ ሽንኩርት ጋር እስኪፈርስ ተቀቅሎ፣ ተመትቶና ለስልሶ፣ በላዩ የወይራ ዘይት ፈስሶበት ከሙንና ቀይ በርበሬ ተነስንሶበት የሚቀርብ ነው። በሰሜን ሞሮኮ፣ በታንጀርና በቴትዋን አካባቢ፣ በክረምት ጠዋት ሠራተኛው ወደ ሥራው ከመሄዱ በፊት በዳቦ የሚበላው ነው። ባቄላን አክብሮ ለሚያውቅ፣ እልበትና ስልጆ ለበላ ኢትዮጵያዊ ቢሳራ የተረሳ ዘመዱን እንደማግኘት ነው። በአውሮፓ ያሉ ምግብ ቤቶች የድኻ ምግብ ነው ብለው ስለሚያስቡት በማታው ምናሌ ላይ አያሰፍሩትም፤ ብዙዎቹ ግን ለራሳቸው ይሠሩታል። ሐጃ ቢሳራ እንደምወድ በነገርኳቸው ቀን የተሰማቸውን ደስታ አልረሳውም፤ ፈረንጅ ደንበኛ ጠይቋቸው እንደማያውቅ ነገሩኝ።

ኩስኩሱም ቢሆን አይቀርም። ከአንድ ቀን በፊት ደውለን አራት ሰው ሆነን እንደምንመጣ ከተናገርን ሐጃ በትንሹ ከስካስ ለብቻው ያበስሉልናል፤ በታችኛው ድስት ሥጋ የለም፤ በስመን ፈንታ የወይራ ዘይት ይታሽበታል። ዱባውና ሽንኩርቱ፣ ሽምብራውና ዝንጅብሉ የሚሰጡት መረቅ በቂ ጣዕም አለው። አራት ሰው መሆን አለባችሁ ማለታቸውም ትክክል ነው፤ ለአንድ ሰው ብሎ ሦስት ጊዜ እህል ማሸት ድካሙ ከዋጋው ይበልጣል።

ሥጋን በሚመለከት አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። የተወለድኩት ደሴ ነው። በወሎ በአንድ ሠርግ ላይ ለክርስቲያኑና ለሙስሊሙ እርዱም ድስቱም ለየብቻ እንደሚሰናዳ፣ እንግዳው ግን በአንድ ዳስ ሥር እንደሚጫወት እያየሁ አድጌአለሁ። በብራስልስም ከደሴ የመጣች ሙስሊም ጓደኛ አለችኝ፤ ሐጃ ቤት ስንሄድ እርስዋ የበጉን ታጂን ታዝዛለች፣ እኔ ጾም ባይሆን እንኳ ባደግሁበት ልማድ ሥጋውን አልበላም። ከእኔ የተለየ ውሳኔ ያላቸው ብዙ ክርስቲያኖች እንዳሉ አውቃለሁ፤ በማንም ላይ አልፈርድም። የምለው ሐጃ ይህንንም በአንድ ጊዜ ተረድተው ዳግመኛ «ለምን?» ሳይሉኝ መቅረታቸውን ነው። ሁለታችንም ሆዳችን ሞልቶ፣ የየራሳችንን ሥርዓት ጠብቀን፣ ከአንድ ማሰሮ የናና ሻይ ተቀድቶልን እንወጣለን።

በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሰሞን በዋሉ ጊዜ ሐጃ ለኢፍጣር ጠሩን። ቴምር፣ ሐሪራና ሸባኪያ የሚባለው በማር የተነከረ ጣፋጭ ቀረበ። ሐሪራ የቲማቲም፣ የምስርና የሽምብራ ሾርባ ነው፤ ሲሰሙት የእህል ብቻ ይመስላል እንጂ በልማድ ሥጋ ይገባበታል፣ አንዳንድ ቤትም እንቁላል ይመታበታል፤ ስለዚህ እርሱንም እንደ ኩስኩሱ ጠይቆ መብላት ያስፈልጋል። ሐጃ ለእኔ በትንሽ ድስት ለብቻው አብስለውልኝ ነበር። ሸባኪያውን ቅቤና እንቁላል ስላለበት ራሳቸው ከፊቴ አነሡት፤ በምትኩ ብርቱካን ቆርጠው ቀረፋ ነስንሰውበት አቀረቡልኝ። ያን ማታ ጾሟን የምትፈታው ጓደኛዬና ጾሜን ያልፈታሁት እኔ ጎን ለጎን ተቀምጠን ራት በላን።

ስለዚህ፣ ክቡር አዘጋጅ፣ ሁለት ነገር እለምናለሁ። የመጀመሪያው ያ ምክር በሚቀጥለው እትም እንዲታረምና ጾመኛ እንግዳ ከማዘዙ በፊት ስለ መረቁ፣ ስለ ስመኑና ኩስኩሱ ስለ በሰለበት እንፋሎት እንዲጠይቅ እንዲነገረው ነው። በየዓመቱ ለሕክምና፣ ለስብሰባና ለዘመድ ጥየቃ ወደ አውሮፓ የሚመጡ ምእመናን ጋዜጣችሁን ያነባሉ፤ በአገሩ ቋንቋ መጠየቅ የማይችሉ አረጋውያንም ይዘዋቸው በሚመጡ ልጆቻቸው ላይ ይተማመናሉ። ሁለተኛው ለሚያስተናግዱ ወገኖቼ ነው፤ የጾም እንግዳ ይዛችሁ ስትሄዱ አስተናጋጁ «አትክልት ብቻ ነው» ብሎ ስላረጋገጠ አትመኑ፤ ወጥ ቤት ካለው ሰው ጋር ተነጋገሩ፤ ከተቻለም ቀድማችሁ ደውሉ። እኔ አንድ ስልክ ብደውል ኖሮ እማማ ያን ዓርብ በሰላም ይበሉ ነበር።

እማማ ከዓመት በኋላ ለምርመራ ተመልሰው መጡ። የመጡት በበዓለ ሃምሳ ውስጥ በመሆኑ ዓርቡ ጾም አልነበረም፤ እኔም አፍሬ እያለሁ እንደገና ኩስኩስ ልጋብዝዎ አልኳቸው። ሐጃ ሰፋ የሚባለውን ሠሩልን፤ ይህ በተራ ውኃ እንፋሎት የሚበስል፣ ቅቤ የሚታሽበት፣ ቀረፋና የተፈጨ ስኳር በላዩ በመስመር በመስመር የሚነሰነስበት፣ ከቀዝቃዛ ወተት ጋር የሚቀርብ ጣፋጭ ኩስኩስ ነው። «መድፉና» የሚባል ዓይነትም አለው፤ ዶሮው ከኩስኩሱ ሥር ተደፍኖ የሚቀርብ ነው፤ ቃሉ ከእኛው ደፈነ ጋር አንድ ይመስለኛል። ሐጃ የእኛው መድፉና እንዳልሆነ ነገሩን። እማማ ግን በቃል አልረኩም፤ በከዘራቸው ተደግፈው ተነሡና ወጥ ቤቱ ድረስ ገቡ፤ ሐጃም ነገሩ ገብቷቸው ያለ አንዳች ቅሬታ ከስካሱን በጨርቅ ይዘው አነሡላቸው። እማማ ጎንበስ ብለው ወደ ታችኛው ድስት አዩ፤ የሚፈላ ንጹሕ ውኃ ነበር። ከዚያ ወጥተው እጃቸውን ታጠቡና ተቀመጡ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት አንባቢያችሁ፣ ከብራስልስ